መካኒኩና የጭስ መርማሪው ያልተስማሙባት ሞተር

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ካርቡሬተር ያላት ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ሁለት አለቆችን ማስደሰት ይጠበቅበታል፤ አንደኛው ጆሮውን የሚያምን መካኒክ፣ ሁለተኛው መሣሪያውን የሚያምን የጭስ መርማሪ ነው። እኔን መከራ ያሳየኝ ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው።

የእኔይቱ ሞተር ነዳጅ ስሰጣት ጥቂት አሰብ አድርጋ ትነሳለች፤ ነዳጅ መስጫውን ስለቅ ደግሞ ማርሚታዋ እንደ ርችት ስለሚንጣጣ እግረኞች ዞር ብለው ይገላምጡኛል። መካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ ካዳመጣት በኋላ ካንዴላዋን ፈታና ጫፉ ነጭ ሆኖ ስላገኘው፣ «ልጄ፣ ቤንዚን ርቧታል፤ ፋብሪካው ስስታም ነው» ሲል ፈረደ። ነገሩ እውነትነት አለው። አንድ ግራም ቤንዚን ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል፤ የጭስ ሕግ የሚያስጨንቃቸው ፋብሪካዎች ግን የሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጣት በዝግታ ስትሠራ የምትጠቀምበትን ድብልቅ፣ ቤንዚኑን ቀንሰው ሳሳ አድርገው ይልኩታል፤ ማንም እንዳይነካካውም የማስተካከያውን ብሎን በትንሽ የናስ ክዳን ይደፍኑታል። መካኒኬ ጋሼ ክዳኑን በቀጭን መሰርሰሪያ በሳው፤ በቀዳዳው ሌላ ብሎን አስገብቶ በፒንሳ ጎተተና አወጣው፤ ከዚያም ቤንዚኑ እንዲጨምር የማስተካከያውን ብሎን በካቻቢቴ ሩብ ሩብ ዙር እያላላ ድምጿን ያዳምጥ ጀመር። መንጣጣቱ ጠፋ፤ ሚኒሞዋም ረጋ። ወደ ጭስ ምርመራው የሄድኩት እያፏጨሁ ነበር።

መርማሪው የመሣሪያውን ቱቦ ማርሚታዋ ውስጥ ሲከተው ቤንዚን ሲበዛ የሚጨምረው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ቁጥር ሽቅብ መውጣት ያዘና 6.8 በመቶ ላይ ቆመ። የተፈቀደው 4.5 ነበር። «ድምጿ ግሩም ነው፤ እርስዎ ግን ወድቀዋል» አለኝ በትሕትና። ቀጥሎም ጎንበስ ብሎ ባዶውን ቀዳዳ በእስክሪብቶው ጫፍ እየጠቆመ፣ «እዚህ ላይ የነበረውን ክዳን የት አደረሱት?» ሲል ጠየቀኝ። ናስ የሚበላ ብል አለ ልል አሰብኩና ተውኩት።

ጋሼ እያጉረመረመ ብሎኑን መልሶ አጠበቀው። ከልኩ በላይ ስላሳሳው ግን ድብልቁ በወጉ አልቀጣጠል እያለ ያልተቃጠለ ቤንዚን ከጭሱ ጋር ይወጣ ጀመር፤ ስለዚህ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሲወርድ ያልተቃጠለውን ቤንዚን የሚያሳየው የሃይድሮካርቦን ቁጥር በተራው ከገደቡ አለፈ። ቤንዚን የሚቀንስ ሁሉ ጭስ ያጠራል ብለው ለሚያስቡ ሰዎች ያን ወረቀት ባሳያቸው ደስ ይለኛል። እንደገና ትንሽ ላላ አድርጎልኝ ስመለስ ሁለቱም ቁጥሮች ከገደቡ በታች ሆኑ፤ ነገር ግን መርማሪው ማኅተሙን ባሳረፈባት ቅጽበት ሞተሯ ተንቀጥቅጣ ጠፋች፤ ባስነሳት ባስነሳት እምቢ አለች። የጠፋች ሞተር አንዳች ጭስ ስለማታወጣ በዚያች ሰዓት ከእሷ የበለጠ ሕግ አክባሪ አልነበረም፤ እኔም ወረቀቱን በጥርሴ ነክሼ እየገፋሁ ወጣሁ።

ጋራዡ ስንደርስ ሁለቱ አለቆቼ ያላዩትን ያየው የጋሼ ረዳት ነው። ሞተሯን እንደ ምንም አስነስቶ፣ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር በሚያገናኘው ጎማ ላይ የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ረጨት ሲያደርግ ሚኒሞው ድንገት ተለወጠ። ሲያቆም ወደ ነበረበት ተመለሰ። ጎማውን አውልቀን ብናጥፈው ከሥሩ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ብቅ አለ፤ ለካስ ሞተሯ በካርቡሬተሩ ያላለፈ አየር በጓዳ በር ስትስብ ኖራለች። ያ ሁሉ መንጣጣትና ማመንታት የመጣው ከዚያ ነበር፤ የማስተካከያው ብሎን ምንም አላጠፋም፤ ስስታም የተባለው ፋብሪካም ስሙ በከንቱ ጠፍቷል።

አዲስ ጎማ ገባላት፤ ብሎኑ በጆሮ ሳይሆን በመሣሪያ ተስተካከለ፤ አዲስ የናስ ክዳንም ተደፈነበት። ሳትንጣጣም ሳትጠፋም መርማሪው ዘንድ ሄዳ 2.9 በመቶ አስመዘገበች። ጋሼ ወረቀቱን አገላብጦ ካየ በኋላ «እኔም ጎማው ይሆናል ብዬ ጠርጥሬ ነበር» አለና ወደ ረዳቱ ዞር ብሎ፣ «አንተ ደግሞ ስፕሬይ አታባክን!» ሲል ተቆጣው።