ዛሬ ስብሰባችን 25 ደቂቃ ፈጀ

ያለፈው ሰኞ ስብሰባ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ቆየ። ስንወጣ አንድ አባት ኮሪደሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለዋል። የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ። ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ነው የመጡት። የሚፈልጉት አንድ ፊርማ ነበር። «ልጄ፣ መኪና እንዳያመልጠኝ» አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጡም።

ዛሬ የሰብሳቢነት ተራው የእኔ ነበር። አጀንዳውን ትናንት በቴሌግራም ላክሁ። ሦስት ነጥብ ብቻ። ሪፖርቱን ሁሉም አንብቦ እንዲመጣ ለመንኩ፤ ሪፖርት ቁጭ ብሎ እንደማንበብ የስብሰባ ጊዜ የሚበላ ነገር የለም። እዚህ ላይ አልደራደርም። የመግቢያ ንግግር ቀረ። አንዱ ጉዳይ የሁለት ሰዎች ብቻ ስለነበር ለእነሱ ተውነው። ቃለ ጉባኤው ላይም «ተወያይተናል» ብለን አላለፍንም፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚለውን ጻፍን።

3:25 ላይ ጨረስን። ቢሮዬ በር ላይ ልጅ ያዘለች እናት ቆማለች። «ስብሰባ ናቸው ብለውኝ ልመለስ ነበር እኮ» አለችኝ። ጉዳይዋን ጨርሳ ስትወጣ ገና 4 ሰዓት አልሆነም።