ለወንጪ የፈረስ ጉዞ ፕላን እያወጣን ነው

ከድሬ ወጣ ብለን ሀይቅ ዳር ፈረስ እንጋልብ ሲባል መጀመሪያ ሁሉም ሰው አፍ ላይ የመጣው ሀሮማያ ነው። ያው ቅርብ ነዋ፣ ደንገጎን ከወጣህ ደረስክ ማለት ነው፣ ውሀውም ስንት አመት ደርቆ ከርሞ ተመልሷል። ግን አቦ ፈረሱስ? በኛ በኩል አህያ በሽ ነው፣ ግመልም አለ፣ ሰው መሸከም የለመደ የሚከራይ ፈረስ ግን ፍለጋው ራሱ አንድ ጉዞ ነው። እኔ መጀመሪያ ፈረሱ ያለበትን እንይ ሀይቁ ከዛ ይመጣል ብዬ ሙጭጭ አልኩ፣ እንደዛ ሲታሰብ ደግሞ መልሱ ወንጪ ነው።

ወንጪ አምቦና ወሊሶ መሀል ያለ፣ የጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሀይቅ ነው። በገበታ ለሀገር መንገዱ ምናምን ከመሰራቱ በፊትም የአካባቢው ሰው በማህበር ተደራጅቶ እንግዳ በፈረስ ያወርድ ነበር፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግስታት የቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደር ብሎ የመረጠውም ይሄንኑ ነው። ከላይ ከጠርዙ በፈረስ ትወርዳለህ፣ በጀልባ ደሴቱ ላይ ያለውን ቂርቆስ ገዳም ታያለህ፣ ከፈለክ ደሞ ወደ ፍል ውሀው ትቀጥላለህ።

አሁን ክርክር ያስነሳው የኪሎ ነገር ነው። ፈረስ ላይ የሚጫነው ኮርቻውን ጨምሮ ከራሱ ክብደት 20 በመቶ ባያልፍ ጥሩ ነው ይባላል። ያገራችን ፈረስ ትንሽ ነው፣ 250 ኪሎ ነው ብንል እንኳን ሂሳቡ 50 ኪሎ ነው የሚመጣው፣ እሱም ከነኮርቻው! ይሄን ስናገር ያጎቴ ልጅ ከ90 ኪሎ በላይ የሆነው ሰውዬ «እና እኔ ፈረሱን ልሸከመው?» አለ፣ ሁሉም ሳቀ፣ ግን እኮ እውነቱ ነው። በዚህ ሂሳብ ከመሀከላችን በንፁህ የምታልፈው ታናሽ እህቴ ብቻ ናት። ስለዚህ የተስማማነው ዳገትና ቁልቁለቱን ከበድ ከበድ ያልነው በእግር እንሄዳለን፣ ሀይቁ ዳር ሜዳው ላይ ለአጭር ጊዜ፣ ያውም ጠንከር ያለውን ፈረስ መርጠን እንወጣለን፣ ግልቢያ ሚባል ነገር የለም፣ ሶምሶማም ከቻልን ነው።

ፈረስ ሲመጣላችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ። ኮርቻው ከመጫኑ በፊት ግላሱን (ጀርባው ላይ ያለውን ጨርቅ) አንስቶ ጀርባውን በእጅ ማየት ነው፣ የተላላጠ ካለ ወይ እጃችሁ ሲያርፍበት ቆዳውን እያንቀጠቀጠ ከሸሸ ሌላ ፈረስ ጠይቁ፣ ሼም የለውም። ሌላው ኮርቻውን በሆዱ ስር የሚያስረው ጠፍር ሲጠብቅ ፈረስ ሆዱን ይነፋል፣ ተንኮለኛ ነው፣ ትንሽ ራመድ ሲል አየሩን ያስወጣና ጠፍሩ ይላላል፣ ያኔ ድጋሚ ካልተጠበቀ ኮርቻው ከነሰውየው ወደ ጎን ይዞራል። እርካቡ ላይ ደሞ የእግር ፊተኛው ብቻ ነው ሚገባው፣ እስከ ተረከዝ ከገባ ስትወድቅ ይጎትትሃል። ነጠላ ጫማ በፍፁም! (የድሬ ልጅ ይሄ ይከብደዋል አውቃለሁ።)

ብርዱን እማዬ ናት ያሰበችበት። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ የወንጪ ጠርዝ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ እዚህ ጣራ ላይ በቲሸርት የሚያድር ሰው እዛ በጠዋቱ ይንቀጠቀጣል። ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ወፍራም ካልሲ ብላ ሻንጣዬን ከአሁኑ ሞልታዋለች፣ መጨረሻ ላይ ግን «ልጄ ባትወጪበትስ? ቆመሽ ፎቶ ብትነሺ አይበቃም?» አለችኝ። ቀኑን ጥቅምት ያደረግነው ክረምት ላይ ቁልቁለቱ ጭቃ ስለሆነ ነው፣ ፈረሱም ያንሸራትተዋል እኛም። ከፍታው ድንገት እንዳይሆንብን አንድ ሌሊት ወሊሶ አድረን ነው የምንወጣው።

መሄጃው ላይ አውቶብስ ያሉ ነበሩ፣ እኔ ባቡር ነው ያልኩት። ምክንያቱም ፉሪ ለቡ ጣቢያ ስትወርድ በጅማ መንገድ በኩል ነህ፣ ወሊሶም በዛው መንገድ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ መሀል ገብቶ በትራፊክ መሰቃየት የለም። ትኬቱን ግን ቀደም ብሎ መቁረጥ ነው፣ የድሬው ጣቢያም ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ለባጃጅ ሰአት ያዙ።

እዛ ስንደርስ ዋጋውን የሚነጋገረው ከኛ ኦሮምኛ የሚቀናው ልጅ ነው። ከመውጣታችን በፊት የፈረሱም፣ አብሮ የሚመራው ልጅም፣ መመለሻውም ተለይቶ ይነገራል፣ ቲፕ ለብቻ ነው። ሄልሜት ብቻ ነው ያላገኘነው፣ የሳይክልም ቢሆን ከባዶ ጭንቅላት ይሻላል፣ ከዚራም ሆነ ሳቢያን ያለው ሰው ካለ እስክንመለስ ያውሰን።