«በምን አወቅሽ?» እያልኩ ሎጂክ ያስተማርኩበት ዓመት

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ልጆቼ ስሌት ላይ ፈጣን ናቸው። «ለምን?» ስላቸው ግን ዝም ይላሉ፤ ወይ ደግሞ «ቲቸር፣ እንደዛ ነው የተማርነው» ይሉኛል። ነገሩ በጣም ያሳስበኝ ስለነበር ዘንድሮ ዓርብ ዓርብ የመጨረሻዋን ክፍለ ጊዜ ለእንቆቅልሽ ሰጠኋት።

የጀመርኩት በነብር፣ በፍየልና በቅጠል ነው፣ ወንዝ በሚሻገሩት። ገና ሳልጨርስ ግማሹ ክፍል «መጀመሪያ ፍየሏን!» ብሎ ጮኸ። አንዱን «ነብሩ ለምን አይቀድምም?» አልኩት። «አያቴ ሲነግሩኝ እንደዛ ነው» አለ። ነብሩ ቢቀድም ፍየሏ ቅጠሉን ትበላለች፣ ቅጠሉ ቢቀድም ነብሩ ፍየሏን ይበላል፣ ስለዚህ ሌላ ምርጫ የለም። ይህን ያለ ልጅ ግን አልነበረም። ከዛ በኋላ ሰምተውት የማያውቁትን ብቻ እየጻፍኩ ማምጣት ጀመርኩ። አንድ ሕግም አወጣሁ፦ ስሞቹንና ምርጫዎቹን በምናሰፍርበት ሰንጠረዥ ላይ የማይሆነውን በኤክስ የሰረዘ ሰው፣ ከየትኛው ፍንጭ እንዳገኘው አጠገቡ ይጽፋል። ያለ ምክንያት የመጣ መልስ ትክክል ቢሆንም ነጥብ የለውም።

እንቆቅልሽ መጻፍ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሀና፣ ጫልቱና በረከት ትምህርት ቤት የመጡት አንዱ በባጃጅ፣ አንዱ በአውቶቡስ፣ አንዱ በእግር ነው፤ ማን በምን መጣ? አራት ፍንጭ ሰጠሁ። አንዱ «በባጃጅ የመጣችው ልጅ ከጫልቱ በኋላ ደረሰች» ይላል። አንዲት ልጅ ወዲያው እጇን አወጣች። «ባጃጅ የያዘችው ሀና ናት።»

«በምን አወቅሽ?»

«ቲቸር፣ 'የመጣችው' ይላላ! በረከት ወንድ ነው። ጫልቱ ደግሞ አይደለችም፣ ከሷ በኋላ ነው የደረሰችው። ሀና ብቻ ቀረች።»

ሌሎቹን ፍንጮች አላየቻቸውም። እኔ «ች»ዋን ስጽፍ ልብ አላልኳትም ነበር፤ እሷ ግን ያቺን አንድ ፊደል ይዛ ጨረሰችው። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ከዛ ወዲህ እንቆቅልሽ ስጽፍ ስሞቹን ወይ ሁሉንም የሴት ወይ ሁሉንም የወንድ አደርጋለሁ። በአማርኛ ግሱ ራሱ ፍንጭ ያወጣል፤ ለክፍል የምትጽፉ መምህራን እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ።

በጣም ያስቸገረን «ከሆነ» የምትለዋ ቃል ናት። ፒተር ዌሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1966 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን የካርድ ፈተና በፊደላችን አዘጋጀሁት። አራት ካርዶች ጠረጴዛ ላይ አሉ፦ ሀ፣ መ፣ 4፣ 7። እያንዳንዱ በአንድ ጎኑ ፊደል፣ በሌላው ቁጥር አለው። ሕጉ «በአንዱ ጎን ሀ ከሆነ በሌላው 4 ነው» ይላል። ሕጉ መጣሱን ለማወቅ የትኞቹን ትገለብጣላችሁ? ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል «ሀ እና 4» አለ። መልሱ ሀ እና 7 ነው። ከ4 ጀርባ ምንም ይኑር ሕጉ አይጣስም፤ ከ7 ጀርባ ሀ ከተገኘ ግን ተጥሷል። ሦስት ጊዜ አስረዳሁ፣ ፊታቸው ላይ ምንም የለም።

በሚቀጥለው ዓርብ ካርዶቹን ትቼ ግሮሰሪ አመጣሁ። በሀገራችን ሕግ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል አይሸጥም። አንዱ ቢራ ይዟል፣ አንዱ አምቦ ውሃ፣ አንዱ 25 ዓመቱ ነው፣ አንዱ 16። የቱን ትፈትሻላችሁ? «ቢራ የያዘውንና የ16 ዓመቱን!» አፍታም አልፈጀባቸው። ያው ጥያቄ ነው እኮ! ሰሌዳው ላይ ቢራውን ከሀ፣ አምቦ ውሃውን ከመ፣ 25ን ከ4፣ 16ን ከ7 ጎን ለጎን ስጽፍ ከኋላ ወንበር «እእእ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለዚያች ድምፅ ስል ዓመቱን ሙሉ ብለፋ አይቆጨኝም። ከግሮሰሪው መጀመር ነበረብኝ፤ ካርዱ በኋላ ይደርሳል።

አንድ ልጅ ግን እስካሁን «4ንም ካላየሁ» ይላል። ባለፈው ከክፍል ስንወጣ ግቢው ረጥቦ ነበር። «ዝናብ ከዘነበ መሬቱ ይረጥባል። አሁን ረጥቧል። ዘንቧል ማለት ነው?» አልኩት። ወደ በሩ አየ። «አይ ቲቸር፣ ቦቴ ውሃ አምጥቶ ነው» አለኝ። ሰኞ ካርዶቹን ይዤ እሱ ወንበር ጋ እቀመጣለሁ።