በቶሮንቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጋቢዬ

ጎንደር ያሉ አብሮ አደጎቼ በቪዲዮ ስንነጋገር ከኋላዬ የተሰቀሉትን ጋቢ የለበሱ ሰሌዳዎች አይተው «ያን ያህል ገንዘብ ያወጣህበት ስፒከር እያለህ ግድግዳውን ምን ብለህ ታለብሰዋለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው በቂ መልስ ይገባዋል።

የምኖርበት ክፍል ግድግዳው ልሙጥ፣ ወለሉ ጣውላ፣ አንዱ ጎኑ ሙሉ መስታወት ነው። እዚህ ማሲንቆ ሲከፈት ድምፁ በቀጥታ ጆሮ ከደረሰ በኋላ፣ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ በሰከንድ ሽራፊ ዘግይቶ ደግሞ ይመጣል፤ የአዝማሪው ቃልም ከጭራው ድምፅ ጋር ይደባለቃል። ሰምና ወርቅ ባለበት ግጥም ደግሞ አንዲት ፊደል ከተዋጠች ወርቁ አብሮ ይጠፋል። ያደግንበት የጭቃ ቤት ግድግዳው ወጣ ገባ፣ ጣሪያው ሣር፣ መደቡም አጎዛ የተነጠፈበት ስለነበር ማስተጋባቱን ሳናውቀው ይውጥልን ነበር። ልዩነቱን ማየት የሚሻ በፋሲል ግንብ ባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ያጨብጭብ።

ዋላስ ሳባይን የተባለው የሃርቫርድ መምህር ከ1895 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንግግር የማይሰማበትን አዳራሽ ሲመረምር የተጠቀመው ከቲያትር ቤት ባስመጣቸው የወንበር ትራሶች ነበር፤ ትራሱ በበዛ ቁጥር ማስተጋባቱ አጠረ። እኔም በእንጨት ፍሬም ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሮክ ውል (ከቀለጠ ድንጋይ የተፈተለ፣ ጥጥ የሚመስል ነገር) አድርጌ፣ ሽመናው አየር ስለሚያሳልፍ በጋቢ ሸፈንሁት። ቦታውን የመረጥሁት በመልክ ማያ መስታወት ነው፦ ተቀምጬ ጓደኛዬ መስታወቱን በግድግዳው ላይ ሲያንሸራትት ስፒከሩ የታየኝ ቦታ ሁሉ ድምፁ ነጥሮ ወደ ጆሮዬ የሚመጣበት ስለሆነ ሰሌዳ ይገባዋል።

ነገር ግን የሕንፃው አስተዳደር ተወካይ ለፍተሻ በመጣ ጊዜ የሆነው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሰሌዳዎቹን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ «እዚህ ቤት ስንት ሰው ያድራል?» አለኝ፤ ፍራሽ መስለውት ኖሯል። አንዱን አውርጄ ጀርባውን ባሳየውም ከበሩ ሥር የተደረደሩትን ጫማዎቼን በዓይኑ ይቆጥር ጀመር። እንግዳ ሲመጣ አልጋውን ለቅቆ መሬት ከሚተኛ ቤተሰብ ለወጣ ሰው፣ እንግዳ ማሳደር እንደ ወንጀል ሲጠየቅበት መስማት ከባድ ነው። ጥቂት ቆይቶም በግድግዳው ላይ የመታሁትን ምስማር እንድነቅል ደብዳቤ ደረሰኝ፤ አሁን ሰሌዳዎቹ እግር ተሠርቶላቸው ወለሉ ላይ ቆመዋል።

ስለዚህ ለመምጣት የምታስቡ ሁሉ፣ የኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ስለ ምስማርም ስለ እንግዳም የሚለውን አንብቡ። የእኔ ሕንፃ አስተዳደር ለምስማር ደብዳቤ ጽፏል፤ ሙዚቃ ስፒከሩ እስኪሰነጠቅ ሲጮኽ የሚጥመው ሰው ደግሞ ከጎረቤት ጋር ሊጋጭ ይችላል። ሰሌዳው በክፍሉ ውስጥ ያለውን ድምፅ ያጠራል እንጂ ወደ ጎረቤት የሚያልፈውን አያግድም፤ ለዚያ ከባድና ክፍተት የሌለው ግድግዳ ያስፈልጋል።

እዚያው ጎንደር በብሎኬትና በሴራሚክ ቤት የምትኖሩ ደግሞ ሮክ ውል ፍለጋ አትድከሙ። ባና ወይም ቡልኮ ደራርባችሁ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቃችሁ ስቀሉ። የእንቁላል ካርቶን ግን ስስ ስለሆነ እምብዛም አይረዳም። የከበሮው ወፍራም ድምፅ በጨርቅ አይያዝም፤ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 3.4 ሜትር ያህል ስለሆነ ስስ ጨርቅ አይበቃውምና። እርሱ በማዕዘን ስለሚከማች ያረጀ የጥጥ ፍራሽ ጠቅልላችሁ በክፍሉ ማዕዘን ከወለል እስከ ጣሪያ አቁሙ።