ራሱን የሚሞላው ባትሪ

ላስ ቬጋስ የመጣሁ ሰሞን አርቪ የሚጠገንበት ግቢ ውስጥ እሠራ ነበር። አርቪ ማለት አልጋው፣ ኩሽናው፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ አብሮት የሚዞር መኪና ነው። ሁለት ዓይነት ባትሪ አለው። አንዱ ሞተር ያስነሳል። ሌላው የቤቱ ነው፤ መብራቱን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የማሞቂያውን ፋን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው።

አንድ ጡረተኛ ኢንቨርተር ግጠሙልኝ ብሎ መጣ። ከሚስቱ ጋር ዴዝ ቫሊ ሊያድሩ ነው፤ ጠዋት ጀነሬተር ሳያስጮሁ ቡና ማፍላት አምሯቸዋል። ኢንቨርተር የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 120 ቮልት ይቀይራል። ሁለት ሶኬት ዘርግቼ መጨረስ ስችል አቋራጭ ታየኝ። መኪናው ካምፕ ሲቆም መብራት የሚስብበት ወፍራም ገመድ አለው። እሱን ወስጄ ኢንቨርተሩ ላይ ሰካሁት። በአንዴ የቤቱ ሶኬት ሁሉ ሠራ! ማይክሮዌቩ ዞረ፣ ቲቪው በራ። አሥር ደቂቃ ሞክሬ ቁልፉን አስረከብኩ። ጉራዬን ያየ ማንም የለም እንጂ ደረቴ ተነፍቶ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ስልክ ተደወለ። ሌሊት ላይ መብራቱ ጠፍቷል፣ ማሞቂያውም ቆሟል፣ ሚስትየዋ ብርድ ልብስ ደራርባ ተቀምጣለች። «ጀነሬተሩን አስነሱት» አልኩ። እሱም እንቢ ብሏል። ለካ ጀነሬተሩም የሚነሳው በቤቱ ባትሪ ነው! የሞተሩ ባትሪ ደህና ስለነበር እየነዱ ተመለሱ።

አብሮኝ የሚሠራ፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያረጀ ጋሼ አለ። አልተቆጣኝም። ባትሪዎቹን ሞልተን ስናበቃ ኢንቨርተሩን አበራና «ና፣ ጆሮህን አልጋው ሥር አድርግ» አለኝ። ተንበረከክሁ። እንደ ንብ እም... የሚል ድምፅ ይሰማል።

«ምንድነው?»

«ፋን።»

«የምን ፋን?»

ዝም አልኩ። የቻርጀሩ ፋን ነበር።

የቤቱን ባትሪ የሚሞላው ይህ ቻርጀር የሚሠራው በ120 ቮልት ነው። እኔ ደግሞ ቤቱን በሙሉ 120 ሰጥቼዋለሁ። ስለዚህ ባትሪው ኢንቨርተሩን ያበላል፣ ኢንቨርተሩ ቻርጀሩን፣ ቻርጀሩ ዞሮ ባትሪውን። በየመንገዱ ደግሞ ሙቀት ሆኖ የሚባክን አለ። ጋሼ ገመድ አቅፎ በሚለካው ክላምፕ ሜትር የባትሪውን ገመዶች በየተራ ለካ። ወደ ባትሪው 40 አምፔር ሲገባ ከ60 በላይ ይወጣል። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» አለ።

በዚህ አላበቃም። ፍሪጁ በጋዝም በመብራትም ይሠራል፤ «አውቶ» ላይ ከተተወ መብራት ባገኘ ቁጥር ጋዙን ትቶ ወደ መብራት ይዞራል። ያ ብቻውን ከባትሪው 30 አምፔር ገደማ ይጠጣል። የቤቱ ባትሪ ሁለት ባለ 6 ቮልት የጎልፍ መኪና ባትሪ ነው፣ በተከታታይ የታሰረ፣ 220 አምፔር ሰዓት፤ 11 አምፔር ለ20 ሰዓት ይሰጣል ማለት ነው። ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። እንግዲህ አስሉት፤ ቡናው ሳይፈላ ሌሊቱን አለቀ።

መሙላቱም ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ ሁለት ሰዓት ሞልቼ 13 ቮልት ሳይ ሞላ ብዬ ነበር። ጋሼ ቻርጀሩን ነቅሎ ካሳረፈው በኋላ ለካው፤ 12.4። የመጨረሻዋ 20 በመቶ በጣም ቀስ ብላ ነው የምትገባው፣ ሰዓታት ትፈጃለች። በማግስቱ ክዳኖቹን ከፍቶ የአሲዱን እፍጋት በሃይድሮሜትር ለካና 1.265 ሲያይ፣ ሞልቷል ማለት ነው፣ ያኔ ነው ቻርጀሩን ያስነቀለኝ። የተጣራ ውሃም ያኔ ጨመርን፤ ሳይሞላ ቢጨመር ሲሞላ ይገነፍላል።

ገመዱን ነቅዬ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ ለቡና ማፍያውና ለቲቪው ብቻ ሁለት ሶኬት። ሰውየው ግን ማይክሮዌቩን ለምዶታል፣ ገመዱን ራሱ እንደሚሰካው ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ስለዚህ የቻርጀሩ ብሬከር ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፌ «ኢንቨርተር ሲበራ ይጥፋ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ጋሼ እስክሪብቶውን ተቀብሎኝ ከሥሩ በአማርኛ ተረቱን ጨመረበት።

ሰውየው አየና ምን እንደሚል ጠየቀ።

«የመንገድ ጸሎት ነው» አልኩት።