ከእምብርት እስከ ጉልበት

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የውኃ ዋና ውድድር ላይ ወንድ ተወዳዳሪ የሚለብሰው ልብስ ከእምብርቱ በላይ እንዳይወጣ፣ ከጉልበቱም በታች እንዳይወርድ ተደንግጓል (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ ልክ እንግዳ አይደለም። አብዛኞቹ የእስልምና ሊቃውንት ወንድ ልጅ በሰው ፊት ሊሸፍነው የሚገባውን የሰውነት ክፍል፣ አውራውን ማለት ነው፣ የሚወስኑት ከእምብርት እስከ ጉልበት ነው። መድረሳ የገባ ልጅ ይህን ገና በጠዋቱ ይማረዋል። ዓለም አቀፉ የውኃ ዋና ፌዴሬሽን ደንቡን ሲያወጣ ያሳሰበው የፍጥነትና የእኩል ውድድር ጉዳይ እንጂ የሐፍረት ነገር አልነበረም። ያም ሆኖ ሁለቱ ሕጎች ሳይተዋወቁ እዚያው ልክ ላይ መገናኘታቸው፣ ሐይቅ ላይ ልጆችን ዋና ማለማመድ ከጀመርሁ ወዲህ ከሐሳቤ አልጠፋ ብሏል።

የእኛ ልጆች መዋኘት የሚማሩት ከሐይቁ ነው። የሚዋኙበትም ያው የትም የሚለብሱት ቁምጣ ነው። ሰፊ የጥጥ ቁምጣ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ኪሱ ውኃ ይዞ ይነፋል፤ ልጁ እግሩን በመታ ቁጥር ጨርቁ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ስለዚህ ለውድድር የሚዘጋጅ ልጅ ከሰውነቱ ጋር የሚጣበቅ ልብስ ያስፈልገዋል። ለብዙ ዘመን የዋና ልብስ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ግን ጭንን ሙሉ በሙሉ የሚያራቁተውን አጭር ፓንት ነው። እጅግ ጎበዝ የሆነ አንድ ልጅ በዚህ ምክንያት ልምምዱን ሊተው ሲል አባቱ ዘንድ ሄጄ ነበር። «ወንድምዓለም፣ መዋኘቱን አልጠላሁም፤ ውኃ የሚችል ልጅ ለአገርም ይጠቅማል። ጭኑን ገልጦ ሰው ፊት መቆሙን ግን አልወድለትም» አሉኝ። የጎረቤታቸው ክርስቲያን እናትም ስለ ልጃቸው ያሉት ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ በእኛ አገር ነውር የሚባለው ነገር በሃይማኖት አጥር አይከፈልም። እኔም የአባትየውን ቃል እንደ ኋላ ቀርነት አልቆጥረውም። ዋናተኛ ለመሆን መራቆት ግድ ነው የሚለውን አባባል ግን ታሪኩ ራሱ አይደግፈውም።

እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴንስ ኦሊምፒክ ውድድሩ የተካሄደው በቀዝቃዛ ባሕር ላይ ስለነበር፣ ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ሃንጋሪያዊው አልፍሬድ ሃዮሽ ብርዱን ለመቋቋም ገላውን ስብ ተቀብቶ ነበር የዋኘው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ አሜሪካውያኑ ዋናተኞች ዱክ ካሃናሞኩም ሆነ ጆኒ ዋይዝሙለር ወርቅ ሲያጠልቁ፣ ወንዶች የሚለብሱት ደረትን የሚሸፍንና በትከሻ ማንገቻ የሚያዝ ልብስ ነበር። በ1930ዎቹ እንኳ በአንዳንድ የአሜሪካ የባሕር ዳርቻዎች ደረቱን የገለጠ ወንድ ይቀጣ ነበር። በ1936 በበርሊን የአውስትራሊያ ወንዶች ያለ ደረት ልብስ ሲወዳደሩ ነገሩ ገና አዲስ ነበር። ዛሬ የዋናተኛ ደረት መራቆቱን ልብ የሚል ሰው የለም፤ ያን ጊዜ ግን ነውሩ እዚያ ላይ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ናይለን መጣ፤ ልብሱም ቀለለ፣ አጠረም። በ1972 አሜሪካዊው ማርክ ስፒትዝ በሙኒክ ሰባት ወርቅ ሲወስድ የለበሳት ትንሽ ፓንት የወንድ ዋናተኛ መለያ ሆና በሰው ዓይን ቀረች።

ቀጥሎ የሆነው ነው ይበልጥ የሚያስገርመኝ። ልብሱ ከዚያ በላይ የሚያጥርበት ሲያጣ ተመልሶ መርዘም ጀመረ። በ2000 በሲድኒ አውስትራሊያዊው ኢያን ቶርፕ ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱና እስከ እጁ አንጓ የሚሸፍን ጥቁር ልብስ ለብሶ ሦስት ወርቅ አገኘ። በ2008 ደግሞ ጨርቁ በአሜሪካው የጠፈር ድርጅት በናሳ ቤተ ሙከራ የተፈተሸ፣ ስፌቱ በክር ሳይሆን በድምፅ ሞገድ የተበየደ፣ ፖሊዩሬቴን ከሚሉት ፕላስቲክ መሰል ነገር ቁራጭ የተለጠፈበት የስፒዶ ኩባንያ ልብስ ወጣ። ሰውነትን አጥብቆ ይይዛል፣ የውኃውን መጎተት ይቀንሳል፤ ለመልበስ ግን ረጅም ጊዜ ይፈጅ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ሌሎች አምራቾች ሙሉ በሙሉ ከፖሊዩሬቴን የተሠራ፣ ዋናተኛውን ከፍ አድርጎ የሚያንሳፍፍ ልብስ አወጡ። በ2009 በሮም የዓለም ሻምፒዮና 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ። ጀርመናዊው ፓውል ቢደርማን በ200 ሜትር ማይክል ፌልፕስን አስከትሎ 1:42.00 ገባ፤ በ400 ሜትር ደግሞ የቶርፕን ሰዓት በአንድ መቶኛ ሰከንድ አሻሻለ። የ200 ሜትሩ ክብረ ወሰን እስካሁን አልተነካም። ለእኔ ይህ የሚያሳዝን ነገር አለው፤ ዛሬ በጨርቅ ልብስ የሚዋኝ ወጣት የሚታገለው ከቢደርማን ጋር ብቻ ሳይሆን ሱቅ ውስጥ ከማይገኝ ልብስ ጋርም ነው። ስለዚህ ፌዴሬሽኑ ልብሱ ከጨርቅ ብቻ እንዲሆን፣ ዚፕ እንዳይኖረው፣ ለወንዶችም ከእምብርት እስከ ጉልበት እንዲወሰን ማድረጉ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ድሃ አገርም የሚጠቀመው እንዲህ ባለው ደንብ ነው።

በዚህ ደንብ ምክንያት በታላላቅ ውድድሮች ላይ የወንዶች ልብስ ሆኖ የቀረው ጃመር የሚሉት፣ ከወገብ ጀምሮ ከጉልበት ከፍ ብሎ የሚያበቃው ጥብቅ ቁምጣ ነው። ሁለቱ ሕጎች በአንድ ቤት ቢመሰሉ የፌዴሬሽኑ ጣሪያ፣ የእኛ ሽማግሌዎች ደግሞ ወለል ነው፤ ያ «ከዚህ አይለፍ» ሲል ይህ «ከዚህ አይጉደል» ይላል። አጭሩ ፓንት አልተከለከለም፤ የሚመርጠው ግን ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ጭንን የሚይዘው ጨርቅ ያፈጥናል። ማንም ለሐፍረት ብሎ አልሸፈነውም፤ የእኛ ልጆች ግን በዚህ ሽፋን ምክንያት ወደ ውኃው ሊገቡ ችለዋል። የሰው ልማድ ከአገር አገር ምን ያህል እንደሚለያይ ለማየት ፈረንሳይን ማሰብ ይበቃል፤ እዚያ በብዙ የሕዝብ መዋኛ ገንዳዎች የሚከለከለው ሰፊው ቁምጣ ነው፤ ምክንያቱም ንጽሕና ነው ይላሉ።

ጃመሩ ነገሩን ሙሉ በሙሉ ፈትቶታል ማለቴ አይደለም። አንድ ሼህ ሳማክራቸው መሸፈኑ ብቻውን እንደማይበቃ፣ የሰውነትን ቅርጽ የሚያሳይ ጥብቅ ልብስም እንደማይወደድ ነግረውኛል። «አንቱ ምን ይመክሩናል?» ስላቸው «ሽርጥ ምን ሠራችሁ?» አሉኝ። አሁን ልጆቹ ጃመሩን ከውስጥ ለብሰው፣ ሽርጣቸውን ከላይ አገልድመው እስከ ውኃው አፋፍ ይመጣሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ይፈቱትና ለጓደኛቸው ይሰጣሉ፤ ሲወጡ ጓደኛው ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል፤ ውኃው ከገላቸው ሳይንጠፈጠፍ መልሰው ይታጠቁታል።

የልጆቹ እፍረት ሁሉ ከሃይማኖት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ሮቤል ኪሮስ የአገራችንን ባንዲራ ይዞ ገብቶ በ100 ሜትር ሲዋኝ፣ ከሰዓቱ ይልቅ የሰውነቱ ቅርጽ በዓለም መነጋገሪያ ሆነ። ሰዓቱን መተቸት ይቻላል፤ የስፖርት ነገር ነው። ሰውነቱ ላይ የተሳለቁት ግን ብዙ ልጆቻችንን ጎድተዋል። ወፈር ያለ ልጅ ሸሚዙን ሳያወልቅ ውኃ ልግባ ሲለኝ የሚፈራው ከሼሁ ይልቅ ካሜራ የያዘውን ጓደኛውን ነው። ስለዚህ በልምምዳችን ሰዓት ፎቶግራፍ ማንሳት ከልክያለሁ።

ልብሱን የምናሰፋው ደሴ ነው። ሰፊያችን ለስፖርት ጥብቅ ሱሪ ከሚውል ፖሊስተርና ላይክራ የሚሉት የሚለጠጥ ክር ከተቀላቀለበት ጨርቅ ይሰፋልናል። የገንዳ ክሎሪን ላይክራን ይበላል፤ ሐይቃችን ውስጥ ክሎሪን ስለሌለ በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን፤ ፀሐይ ላይ እንዳይሰጣ ግን እነግራቸዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ልብሶች ከጭን ላይ እየተጠቀለሉ ወደ ላይ ስለወጡ፣ አሁን የእግሩን ጫፍ በሰፊ ላስቲክ እንዲይዘው፣ ከፊት በኩልም ሁለተኛ ገበር እንዲገባበት፣ ወገቡም በሲባጎ እንዲታሰር ተስማምተናል። ልጆቹ ጥቁር ቀለም መርጠዋል። ያን ጊዜ ያነጋገርኋቸው አባት የልጃቸውን ልብስ ከመሰፋቱ በፊት ልኩን ራሳቸው ሊያዩ ፈልገው፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከእኔ ጋር ሰፊው ዘንድ ሊሄዱ ቀጠሮ ይዘናል።