ታንከሩ ጀልባው ላይ ቀርቶ

የካቲት 16 ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። አንድ ሽማግሌ ባለጀልባ ሞተራቸውን በባጃጅ አስጭነው ባሕር ዳር ወዳለው ጋራዣችን መጡ። በኪዳነ ምሕረት ዕለት ጣናን አቋርጦ ዘጌ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። ለባለጀልባ ያ ሰሞን ትልቅ ገበያ ነው። ሞተር የሚታመምበት ጊዜ አይደለም።

ሞተሯ የድሮ ጆንሰን ናት። 40 የፈረስ ጉልበት አላት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ቤንዚን ከዘይት ጋር ተደባልቆ የሚሰጣት። ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት። በዚህ ስም የሚወጣ አዲስ ሞተር ዛሬ የለም፤ ዕቃ ሲጠፋ ከሌላ የሞተ ሞተር ላይ ፈተን ነው የምናወጣው። እኔ እነዚህን አሮጌ ሞተሮች እወዳቸዋለሁ። ካቻቢቴና ጥቂት ቁልፍ የያዘ ሰው እስከ መጨረሻው ብሎን ድረስ ይደርስባቸዋል።

«ምን ሆነችብዎት አባቴ?» አልኳቸው።

«ትነሳለች፣ ደህና ትሄዳለች። ከዳር ራቅ ስል ድክም ትልና ትጠፋለች። ጥቂት ባሳርፋት መልሳ ትነሳለች። ታንከሩን ጢም አድርጌ ስሞላው ደግሞ ይብስባታል፤ ሲጎድል ትሻላለች።»

ከዚህ ሁሉ ጆሮዬ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስትሄድ ትጠፋለች፣ ስታርፍ ትነሳለች። ይህ ብልጭታውን የሚያመነጨው የቦቢና ጠባይ ነው። ቦቢና ሲያረጅ የውስጥ ሽቦው መሸፈኛ ይሰነጠቅና ሙቀት ሲያገኘው ብልጭታው ይሞታል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ስንት ሞተር ላይ አይቼዋለሁ። ስለ ታንከሩ የተናገሩትን ሰማሁት እንጂ አላዳመጥኩትም።

ሥራው ተጀመረ። ከላይ ያለውን ከባድ መዘውር፣ ቮላኖውን ፈታን። ሥሩ ያሉት፣ የቦቢናውን ኤሌክትሪክ እየቆረጡ የሚያገናኙት ሁለቱ ፑንቲናዎች ጥቁር ለብሰው ነበር፤ አጽድተን ክፍተታቸውን 0.5 ሚሊ ሜትር ላይ አሰርናቸው። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ቀየርን። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡራተር አውርደን አጠብን። አንዱን ቦቢና ከሌላ ሞተር ላይ በወጣ ተካነው፤ ዋጋውን ሽማግሌው ቆጥረው ሰጡኝ። ከዚያ በርሜል ሙሉ ውሃ ውስጥ አቁመን አስነሳናት። አርባ ደቂቃ ሠራች። ነዳጅ ሳይጨመርላት የምትሽከረከርበት ሚኒሞዋ የተስተካከለ፣ ማቀዝቀዣ ውሃዋን በጎኗ ያለማቋረጥ የምትተፋ። ይዘው ሄዱ።

በሁለተኛው ቀን ስልክ ደወሉ። «ልጄ፣ እዚያው ቦታ ላይ ጠፋችብኝ።»

እንደገና መጣች፣ እንደገና በርሜል ውስጥ ገባች። አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራች። ንቅንቅ የለም። እኔ ጋ ትሠራለች፣ እሳቸው ጋ ትጠፋለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ በደንብ አልወሰደኝም። በዓሉ አምስት ቀን ቀርቶታል። ለሌላው ቦቢናም ገንዘብ ልጠይቃቸው ነው ማለት ነው።

ጠዋት «አብረን እንውጣ» አልኳቸው። ከቀትር በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፤ እንደምትጠፋ እያወቅን በዚያ ሰዓት አንወጣም። ሁለት መቅዘፊያና ላይፍ ጃኬት ይዘን፣ ረዳቴን ጨምረን በማለዳ ወጣን። ታንከሩ ሙሉ ነበር። ውሃው ጸጥ ብሏል፣ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ከሩቅ ይታያሉ። ወደ ዘጌ አቅጣጫ አስር ደቂቃ ያህል እንደሄድን ድምጿ ተለወጠ። ቅልጥፍናዋ ቀነሰ፣ ሁለት ጊዜ አነቃት፣ ጠፋች።

እኔ ወዲያው ካንዴላውን ልነቅል ተነሳሁ፤ ብልጭታው መኖሩን ለማየት። ረዳቴ እግሩ አጠገብ የተዘረጋውን የቤንዚን ቱቦ ያዘ። ቱቦው መሐል ላይ በእጅ የሚጨመቅ እንቁላል የሚያህል ጎማ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሆዱ ገብቷል።»

እውነትም ጎማው ከሁለት በኩል ተጣብቆ ጠፍጣፋ ሆኗል። ሽማግሌው በዚሁ መሐል እጃቸውን ወደ ታንከሩ ክዳን ሰደዱ።

«ቆይ! አንቱ፣ ስትጠፋ ሁልጊዜ ክዳኑን ይከፍቱታል?»

«አዎ። ቤንዚን አልቆ እንደሆነ ላይ ብዬ።»

«እስቲ አሁን ቀስ ብለው ይክፈቱት።»

ሲያላሉት ታንከሩ «ፍስስስ» ብሎ አየር ሳበ። ረዳቴ እጅ ውስጥ ያለው ጎማ ወዲያው ተነፍቶ ክብ ሆነ። ገመዱን ሳብኩት። በሁለተኛው ተነሳች።

ክዳኑን ተቀብዬ አገላበጥኩት። ቀይ ቀለም የተቀባ ነው። ሽማግሌው ለበዓሉ ብለው ጀልባውን ሲያሳምሩ ታንከሩንም ቀብተውታል። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ብሎን አለ፤ ከሥሩ የመርፌ ዓይን የምታክል ቀዳዳ አለች። ቀለሙ በላይዋ ላይ ስስ ቆዳ ሠርቶ ደርቋል። ብሎኑ ተከፍቶ እንኳ አየር አይገባም።

የዘይት ጣሳ በአንድ በኩል ብቻ ስትበሱት ዘይቱ እያነቀው ነው የሚወርደው። ለዚህ ነው እናቶቻችን በወዲያኛው በኩል ሌላ ቀዳዳ የሚጨምሩት። ታንከርም እንዲሁ ነው። ይህች ሞተር ሙሉ ነዳጅ ሲሰጣት በሰዓት 15 ሊትር ገደማ ትጠጣለች። የወጣውን ቤንዚን የሚተካ አየር ካልገባ የሞተሯ ትንሿ ፓምፕ መሳብ ያቅታታል። ታንከሩ ጢም ሲል ደግሞ ከላይ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይታፈናል። ሽማግሌው በመጀመሪያው ቀን የነገሩኝ ይህንኑ ነበር። ቦቢና ታንከሩ ሙሉ ይሁን ጎዶሎ በምን ያውቃል? እዚያ ላይ ቆሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ማረፏም አይደለም ያስነሳት፤ የክዳኑ መከፈት ነው።

ጋራዥ ውስጥ ለምን አልጠፋችም? በርሜሉ ላይ ያሠራናት በእኛ ታንከርና በእኛ ቱቦ ነው። የእሳቸው ታንከር ጀልባው ላይ ቀርቷል። እኛ ሁለት ጊዜ የመረመርነው ጤነኛውን ነው።

ዳር ስንደርስ ረዳቴ ክዳኑን ገልብጦ ያዘውና ቀለሙን በቀጭን ሽቦ አነሳው፤ ፍርፋሪው ታንከሩ ውስጥ እንዳይገባ። እኔ የድሮውን ቦቢና መልሼ አሰርኩላቸው። ታንከሩን ሞልተን እዚያው ቦታ ደርሰን ተመለስን፤ አልጠፋችም። የቦቢናውን ገንዘብ ስመልስላቸው «ደክመሃል እኮ» ብለው እንቢ አሉ። ቆጥሬ ኪሳቸው ውስጥ ከተትኩት።

በየካቲት 16 ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልሱ ዋሉ። እኛ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የጀልባ ሞተር ሲመጣልን፣ ሳንፈታ በፊት ባለቤቱን መልሰን እንልካለን። ታንከሩንና ቱቦውን ይዞ እንዲመጣ።